ቴሌግራም ሳይዘጋ ጂፒኤ እንዲተርፍ፦ ለጅማ ተማሪዎች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ቴሌግራም አልጠቀምም ማለት ከባድ ነው። ሀንድአውቱ የሚለቀቀው እዚያ ነው። ክፍል ሲቀየር የክፍሉ ተወካይ የሚጽፈው እዚያ ነው። ሚድ ሲገፋም፣ አሳይመንት ሲጨመርም ወሬው መጀመሪያ የሚሰማው እዚያው ነው። ስለዚህ «ሶሻል ሚዲያውን እርግፍ አድርጋችሁ ተዉትና አጥኑ» የሚለው የቤተሰብ ምክር ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ብዙ አያስኬድም። እርግፍ አድርጎ የተወ ልጅ ኩዊዝ ያመልጠዋል።

ጉዳቱ ግን የምር ነው። ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለ የምህንድስና ተማሪም ሆነ ዋናው ግቢ ያለ የጤና ተማሪ ይህን ያውቀዋል፦ አስተማሪው የለቀቀውን ፒዲኤፍ ላውርድ ብሎ ስልኩን ያነሳል፣ ከላይ የጎል ቪዲዮ ይመጣበታል፣ ከጎሉ ወደ ኮሜንቱ፣ ከኮሜንቱ ወደ ቲክቶክ ሊንክ ይሻገራል፣ ቀና ሲል መሽቷል፤ ፒዲኤፉ ግን አልወረደም።

እኔ የማምነው ይህን ነው። ውጤት የሚጎዳው ስልክ መያዛችን ብቻ አይደለም። ስልኩ ሁለት ነገር ስለሚወስድብን ነው፤ እንቅልፋችንንና ሳይቆራረጥ የምናጠናበትን ሰዓት። ሁለቱን ካስመለሳችሁ ቴሌግራሙ ቢኖርም ችግር የለውም። ካላስመለሳችሁ አንዱን አፕ ብታጠፉ በሌላ ትተኩታላችሁ።

ጥናቱም ነገሩን እንዲህ ለያይቶ ነው የሚያየው። ሬይኖል ጁንኮ የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ከ1,800 በላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ተማሪዎችን የፌስቡክ አጠቃቀም ከጂፒኤያቸው ጋር አስተያይቷል። ፌስቡክ ላይ ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ጂፒኤያቸው ዝቅ ያለ ነበር። ነገር ግን መረጃ ለመሰብሰብና ለማጋራት የሚጠቀሙበት ተማሪዎች ውጤት የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ ለጨዋታና ለወሬ የሚጠቀሙበት ደግሞ በተቃራኒው። እርግጥ ይህ ዓይነት ጥናት የቱ የቱን እንዳመጣ አይነግረንም፤ ውጤቱ የወረደ ልጅም ከጭንቀቱ ለመሸሽ ስልክ ላይ ሊያመሽ ይችላል። ቢሆንም አቅጣጫው ይጠቅመናል፤ የትምህርቱን ከጨዋታው መለየት ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን መለየት በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ነው።

1. መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ለኩ፤ ምንም አትቀንሱ

የስልካችሁን ሴቲንግ ክፈቱና «ዲጂታል ዌልቢዪንግ» የሚለውን ፈልጉ። አብዛኞቹ የአንድሮይድ ስልኮች አላቸው። አይፎን የያዘ «ስክሪን ታይም» የሚለውን ይክፈት። እዚያ ውስጥ ሦስት ነገር ታያላችሁ፦ በየአፑ የጠፋው ሰዓት፣ ስልኩ በቀን ስንት ጊዜ እንደተከፈተ፣ ስንት ኖቲፊኬሽን እንደመጣ።

በየማታው ቁጥሩን ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ስልክ ላይ ሳይሆን ደብተር ላይ። አራተኛ ነገር ጨምሩበት፦ ማታ ስልኩን ያስቀመጣችሁበትን ሰዓት። በእኔ እምነት ከአራቱ ዋናው ይሄኛው ነው።

ሳምንቱ ሲያልቅ ሒሳቡን ሥሩ። በቀን 4 ሰዓት ከሆነ በሳምንት 28፣ በ16 ሳምንት ሴሚስተር 448 ሰዓት ይሆናል። አሁን ኮርስ አውትላይናችሁን አውጡ። 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ ነው) የሚል ኮርስ አለ አይደል? በእኛ ሀገር አንድ ኢሲቲኤስ የሚሰላው በ27 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ክፍል የምትገቡበትም፣ የምታነቡበትም፣ አሳይመንት የምትሠሩበትም ተደምሮ ለአንዱ ኮርስ የታሰበው 135 ሰዓት ነው። 448ቱን ለ135 አካፍሉት። ከሦስት ኮርስ በላይ ነው። ሁሉንም ወደ ጥናት መልሱት አልልም፤ ሰው ነን፣ መዝናናትም አለብን። ግማሹን ብታስመልሱ እንኳ 224 ሰዓት ነው።

2. ቴሌግራሙን አበጥሩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንድ እሑድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ሥራ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚክሰውም ይሄ ነው።

ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ፎልደርስ» የሚል አለ። አዲስ ፎልደር ፍጠሩና «ትምህርት» በሉት። የክፍሉን ግሩፕ፣ የዲፓርትመንቱን ቻናል፣ የፕሮጀክት ግሩፓችሁን እና «ሴቭድ ሜሴጅስ» የሚባለውን የራሳችሁን ማስቀመጫ እዚያ ክተቱ። ሌላ ምንም። ጓደኛ እንኳ አይግባ። ከዚያ ፎልደሩን ጎትታችሁ «ኦል ቻትስ» ከሚለው ቀጥሎ አድርጉት፤ ለትምህርት ስትገቡ እሱን ብቻ ክፈቱ፣ ዓይናችሁ ሌላ ነገር ላይ አያርፍም።

የቀሩት ላይ ደግሞ ጨክኑ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከፍታችሁ ያላነበባችሁት ቻናል ካለ ውጡ። የኳሱን፣ የቀልዱን፣ የሞባይል ሽያጩን፣ የዶርም ወሬውን፣ መውጣት ካልፈለጋችሁ ለዘለዓለም ሚዩት አድርጉና (ድምፁን አጥፉና) አርካይቭ ውስጥ ክተቱ። ሚዩት የተደረገና አርካይቭ የገባ ግሩፕ አዲስ ሜሴጅ ቢመጣበትም ተመልሶ ወደ ላይ አይወጣም። የዘመድ ግሩፕ ላይ ይህ ዘዴ በጣም ይጠቅማል። ከዘመድ ግሩፕ መውጣት ቅያሜ ያመጣል፣ አክስት ትቀየማለች፣ «ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ናቀን» ይባላል። አትውጡ። አርካይቭ አድርጋችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቡና ሰላም በሉ።

ቀጥሎ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ገብታችሁ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ይህ ለትኩረትም ለኪስም ነው፤ ሳታውቁት የሚወርደው ቪዲዮ ፓኬጃችሁን እየበላው ነው።

ሀንድአውት ሲለቀቅ ደግሞ ወዲያው ወደ ሴቭድ ሜሴጅስ ፎርዋርድ አድርጉና ሥሩ ላይ የኮርሱን ስም በሃሽታግ ጻፉ፤ ሎጂክ ከሆነ #ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ ከሆነ #ሳይኮ። ለፋይናል ስታጠኑ ሃሽታጉን ስትጫኑ ሁሉም ተሰብስቦ ይመጣል። ግሩፑ ውስጥ ገብታችሁ ሦስት ወር ወደ ላይ እየጎተታችሁ «ቻፕተር ሁለት የት ነበር?» ማለት ቀረ። መዘናጋቱ የሚጀምረው እኮ ያኔ ነው፤ ፍለጋ ላይ እያለን።

አንድ ነገር ግን ብቻችሁን አትችሉትም፤ ሪፑን፣ ማለትም የክፍሉን ተወካይ፣ ማናገር አለባችሁ። ብዙ ክፍል ውስጥ ማስታወቂያውም ወሬውም አንድ ግሩፕ ላይ ነው። ሪፑ «ነገ የ3 ሰዓቱ ክላስ ወደ 8 ሰዓት ዞሯል» ብሎ ይጽፋል፣ ከሥሩ ሃምሳ ሰው «እናመሰግናለን» እያለ ስቲከር ይደረድራል፣ አንዱ «የምን ክላስ?» ይላል፣ ሌላው ኳስ ያነሳል፣ ማታ የገባ ልጅ ማስታወቂያውን ለማግኘት ያን ሁሉ ማንበብ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ «ሪፕ፣ ልፋትህን እናያለን። ማስታወቂያ ብቻ የምትለጥፍበት፣ እኛ መጻፍ የማንችልበት ቻናል ብትከፍትልን አይጠፋብንም ነበር።» አብዛኛው ሪፕ ደስ ይለዋል፤ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ መመለስ እሱንም አሰልችቶታል። ቻናሉ ሲከፈት ኖቲፊኬሽን የምትፈቅዱለት እሱን ብቻ ነው፤ ግሩፑን ሚዩት።

ከዚህ በኋላ ቴሌግራም የሚከፈትበት ሰዓት ይኑረው። ጠዋት ወደ ክፍል ከመሄዳችሁ በፊት፣ ምሳ ላይ፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ። «ድንገት አስቸኳይ ነገር ቢመጣስ?» ትሉ ይሆናል። አስቸኳይ የሆነ ነገር ይደወልበታል፣ ወይ የጎን ዶርም ልጅ በር ያንኳኳል።

3. ቲክቶክ፣ ሪልስ፣ ዩቲዩብ

እነዚህ ላይ የሪፕ ማስታወቂያ የለም። ስለዚህ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ለመዝናናት ናቸው፣ የመዝናኛ ሰዓት ስጧቸው።

ለምን መውጣት እንደሚያቅት ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ራሳችሁን ደካማ እያላችሁ እንዳትወቅሱ። ድሮ ድረ ገጽ መጨረሻ ነበረው፤ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ለመሄድ መጫን ነበረባችሁ፣ እዚያች ጋ ሰው «በቃኝ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ ዲዛይነር ወደ ታች በጎተትን ቁጥር ሳያልቅ የሚቀጥል ገጽ ሠራ፤ በኋላ ራሱም ጉዳቱን በአደባባይ ተናግሯል። ማቆሚያዋን አወጧት ማለት ነው። በዚያ ላይ ቀጣዩ ቪዲዮ ደስ ይበል አይበል አይታወቅም፤ ይህ አለመታወቁ ነው ጣትን የሚያንቀሳቅሰው።

ታይመር ማድረግ ይቻላል። ቲክቶክ ውስጥ «ስክሪን ታይም» የሚል አለ፣ የቀን ገደብ ታደርጉበታላችሁ። ዲጂታል ዌልቢዪንግም ለየአፑ ታይመር አለው። እኔ ግን ታይመር ብዙ አላምንም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ «ትንሽ ጨምር» የሚል ቁልፍ አጠገቡ አለ፣ ሌሊት ላይ ደግሞ ያን ቁልፍ የማይጫን ብርቅ ነው። የሚሻለው እሑድ ማታ አፑን ማጥፋት፣ ዓርብ ማታ መልሶ መጫን ነው። አካውንቱ አይጠፋም፣ ፎሎወሩም አይሄድም። ታይመር የሚመርጥ ካለ፣ ታይመሩ የሚስጥር ቁጥር የሚቀበል ከሆነ ቁጥሩን የዶርም ጓደኛው ይሙላለት።

ዩቲዩብ ለየት ይላል፤ ካልኩለስ ወይም አናቶሚ ያልገባው ልጅ እዚያ ጥሩ አስተማሪ ያገኛል። አውቶፕሌይ አጥፉ፣ ቀጥሎ «ዎች ሂስትሪ»ን (ያያችኋቸው ቪዲዮዎች የሚመዘገቡበትን) አቁሙና ያለውን ሰርዙ። ይህን ካደረጋችሁ የመጀመሪያው ገጽ የሚያቀርበው ቪዲዮ አይኖረውም፣ ባዶ ይሆናል፤ የፈለጋችሁትን ጽፋችሁ ነው የምታገኙት። ፌስቡክ ደግሞ አፑን አጥፍታችሁ በብራውዘር ግቡ፣ ስትወጡ ሎግ አውት በሉ። ፓስወርድ መጻፍ ብቻውን ስንቱን እንዲተወው ያደርገዋል።

4. ሌሊቱ

አሁን ጅማ ላይ በጣም የሚያሳስበኝ ጉዳይ ጋ ደረስን። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው። የግቢው ዋይፋይም ሰው ሲተኛ ይፈጥናል። ስለዚህ ተማሪው ፊልሙንም ሀንድአውቱንም ለማውረድ እኩለ ሌሊትን ይጠብቃል። ለማውረድ ብሎ ነው የሚነቃው፤ ግን እየወረደ እያለ ቲክቶክ ይከፍታል፤ ወርዶ ካለቀም በኋላ ጥቅሉ ገና አላለቀም፣ «ይባክናል» ብሎ ይቀጥላል። በተለይ ዝናብ ሲሆን፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ቆርቆሮው እየተደበደበ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን ገና አልተኛም። ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ አለው።

ማስተዋል ያለባችሁ፣ ቀን የተማራችሁትን አእምሮ የሚያደላድለው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ የሚያጣው የነገውን ትኩረት ብቻ ሳይሆን የትናንቱን ትምህርትም ጭምር ነው። ስንት ሰዓት አጥንቶ «አንብቤው ነበር እኮ፣ ፈተናው ላይ ጠፋብኝ» የሚል ልጅ አላችሁ አይደል? መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቁት።

ምን ይደረግ? የጥቅሉን መጀመሪያና ማለቂያ ሰዓት እዩ። እስከ ንጋት የሚቆይ ከሆነ ሌሊት አትጠብቁ፤ በጊዜ ተኝታችሁ ጠዋት 11 ሰዓት ተነሱና አውርዱ። ያኔ ኔትወርኩም ፈጣን ነው፣ ካወረዳችሁ በኋላም ለማጥናት ጸጥ ያለ ሰዓት ታገኛላችሁ። የሚወርደውን ዝርዝር ቀን ላይ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ከዝርዝሩ ውጪ ምንም አታውርዱ። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ተራ ብትገቡ ደግሞ ጥሩ ነው፤ አንዱ ያወርዳል፣ ለሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ይልካል።

ስልኩ ማታ 5 ሰዓት ላይ ሎከር ይግባ። ትራስ ሥር አይደለም፣ ሎከር። «አላርሜስ?» ካላችሁ ለአላርም ባለቁልፍ ስልክ ይበቃል፤ ዶርም ውስጥ አንድ ሰው ካለው ለሁሉም ይደርሳል።

5. ስታጠኑ ስልኩ የት ነው?

ሳይለንት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ መገልበጥ በቂ ይመስለናል። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደ 800 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሙከራ ስልካቸውን ሌላ ክፍል የተዉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ እንደሠሩ አሳይቷል፤ ስልኩ ባይጮህም። በኋላ የተደገሙ ሙከራዎች ሁሉ ያንኑ አላገኙም፣ ስለዚህ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ሞክሮ ማየት ግን ምንም አያስከፍልም። ላይብረሪ ስትሄዱ ስልኩን ዶርም ትታችሁ ሂዱ፤ ካልሆነ አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳውም እግር ሥር።

«ሀንድአውቱ ስልክ ላይ ነው እኮ» የሚለው ትልቁ እንቅፋት ነው፣ የእውነትም ነው። ሁሉንም ፕሪንት ማድረግ ብር ይጠይቃል። ስለዚህ ምረጡ፦ ፎርሙላና ስዕል የበዛበትን፣ ደጋግማችሁ የምታዩትን ብቻ ኮፒ ቤት አሠሩ፤ በአንድ ወረቀት ሁለት ወይም አራት ገጽ እያደረጉ በሁለት በኩል ማተም ይችላሉ፣ ጠይቋቸው። የቀረውን ስልክ ላይ ስታነቡ ፋይሉን ቀድማችሁ አውርዱና ኤርፕሌን ሞድ አድርጉ። ዳታ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ዋይፋዩ ራሱ ይገናኛል።

የሰዓት አከፋፈል ላይ 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ የሚለውን ሰምታችሁ ይሆናል፤ ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ ተማሪ ሳለ ለራሱ የፈጠረው ዘዴ ነው። ለንባብ ኮርስ ጥሩ ነው። ሜካኒክስ ወይም ሰርኪዩት ለሚሠራ ግን 25 ደቂቃ ጥያቄው ገና ሲገባው ያልቃል፤ 50 በ10 ይሻላል። ዋናው ያ 10 ደቂቃ ነው። ስልክ አይከፈትበትም። ውጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ግቢውን አንድ ዙር ዞሩ። ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ስንዘል አእምሯችን ግማሹ ያለፈው ላይ ይቀራል፤ ለእረፍት ብላችሁ ያያችሁት የኮሜንት ጭቅጭቅ የሚቀጥሉትን ደቂቃዎች ይዞባችሁ ይቆያል።

ስልኩ ከሌለ ምን ይሠራል? ሀንድአውቱን ደጋግሞ ማንበብ አይደለም። ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነብበው ነበር። አንዱ ቡድን አራት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ አስታወሱ። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ቻፕተር አንብቡ፣ ዝጉት፣ ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወሳችሁትን ጻፉ፣ ከፍታችሁ አስተያዩ፣ የጎደለውን በሌላ ቀለም ሙሉ።

የምትቀመጡበትንም ምረጡ። ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት፣ ላፕቶፑ ላይ ሌላ ነገር የሚነካካ ሰው ከፊታቸው የተቀመጠባቸው ተማሪዎች ራሳቸው ምንም ሳይነኩ ፈተናው ላይ 17 በመቶ ያህል ዝቅ እንዳሉ አግኝቷል። ላይብረሪ ውስጥ ፊልም ከሚያይ ልጅ ኋላ አትቀመጡ።

6. ዶርም ውስጥ ተስማሙ

ሁሉም ዝም ብሎ እያነበበ እያለ አንዱ ሳቁ ያመልጠዋል። «ኧረ ይቺን እዩልኝ!» ይላል። አምስት ራስ ቀና ይላል፣ ስልኩ ከአልጋ አልጋ ይዞራል፣ ሌላው «እኔም አንድ አለኝ» ይላል፤ ሰዓቱ አለቀ። ልጁ ክፋት የለበትም፣ ደስታውን ሊያካፍል ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ መስማማት የሚያስፈልገው፤ በመሐል ስትቆጡት ጸብ ይሆናል።

ሁሉም ባለበት፣ ምሽት ላይ ሳይሆን ቅዳሜ ጠዋት ቡና ላይ፣ አንሱት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ቪዲዮ በኢርፎን ብቻ፣ «እዩልኝ» ደግሞ ከ4 ሰዓት በኋላ። ቢረሳ «ወንድሜ፣ 4 ሰዓት ላይ አሳየኝ» ማለት ይበቃል። ሴቶች ዶርምም ያው ነው። የማይስማማ ካለ አትጨቃጨቁ፤ ላይብረሪ ወይም ባዶ ክላስ አለ።

7. ለጥቅም ሲውል

ለሲቢቲፒ፣ ማለትም ኅብረተሰቡ ውስጥ ገብታችሁ ለምትሠሩት የተግባር ትምህርት፣ ስትወጡና ግሩፕ ሥራ ሲኖር ቴሌግራም የግድ ነው። ሥራ ስትከፋፈሉ ስምና ቀን ጽፋችሁ ፒን አድርጉ፤ በድምፅ ሜሴጅ የተከፋፈለ ሥራ ነገ ይረሳል።

መውጫ ፈተና ያለባችሁ ጂሲዎች (ተመራቂዎች) በተለይ ስሙኝ። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በሰፊው ሲጀመር ማለፊያውን 50 በመቶ ያመጡት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ቀላል አይደለም። የጥያቄ ግሩፕ ጠቃሚ ነው፣ ግን መልሱን አትመኑ፤ ብዙ ሰው «ሲ ነው» ስላለ ሲ አይሆንም። መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩ፣ ከዚያ ሀንድአውት ላይ አረጋግጡ። «ፈተናው ወጥቷል፣ በቴሌብር ላኩ» የሚል ቻናል ካያችሁ ውጡ። ብራችሁንም የመጨረሻ ሳምንታችሁንም ነው የሚበላው።

8. ሚድ ሲመለስ ደብተሩን ክፈቱ

የመጀመሪያ ሳምንት ቁጥሮቻችሁን ከአሁኑ ጋር አስተያዩ፤ ከሚድ ውጤታችሁ ጎን። ሰዓቱ ቀንሶ ውጤቱም ከተሻለ ቀጥሉ። ሰዓቱ ካልቀነሰ የቱ እርምጃ ላይ እንደላላ ፈልጉና እሱን ብቻ አጥብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚላላው የሌሊቱ ነው።

ሰዓቱ ቀንሶ ውጤቱ ንቅንቅ ካላለ ግን ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። መሠረቱ ያልተያዘ ኮርስ ሊሆን ይችላል፤ አድቫይዘራችሁን ወይም ቱቶር የሚያደርግ ሲኒየር ፈልጉ። ሌላም አለ። ከጎንደር፣ ከሐረር፣ ከወላይታ ተነስቶ ጅማ የመጣ ፍሬሽማን ማንንም አያውቅም፤ ስልኩ ቤቱ ነው፣ እናቱ ነው፣ የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ለዚህ ልጅ «ስልክህን አስቀምጥ» ማለት ብቻውን ተቀመጥ ማለት ይሆንበታል። የቤተሰብ ስልክ አይቀነስም። ቋሚ ሰዓት ይሰጠው፣ ማታ ከእራት በኋላ ለምሳሌ፤ እናትም ሰዓቱን ታውቀዋለች፣ ልጁም በየመሐሉ ስልኩን እያየ አይጨነቅም። የቀረውን ቦታ ሰው ይሙላው፤ እሑድ ከክፍል ልጆች ጋር ወደ ጅሬን ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ማየት፣ ኳስ ሜዳ መውረድ፣ በየእምነቱ ያለውን የተማሪዎች ኅብረት መቀላቀል። ጭንቀቱ ከበረታ፣ እንቅልፍ ከጠፋ፣ ክፍል መግባት ካስጠላ ደግሞ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት አለና ሂዱ፤ ጓደኛችሁ ከሆነም አብራችሁት ሂዱ።

9. የፋይናል ሁለት ሳምንት

እዚህ ላይ ጠበቅ ይደረጋል። ሲማችሁን ወደ ባለቁልፍ ስልክ አዛውሩ፣ ትልቁን ስልክ ቆልፋችሁ ሎከር አስገቡ። ከዶርም አንድ ልጅ በተራ የሪፑን ቻናል ጠዋትና ማታ ያያል፤ አዲስ ነገር ካለ ለሁሉም ይናገራል። የፈተና ፕሮግራሙን በእጃችሁ ገልብጣችሁ ሎከሩ በር ላይ ለጥፉት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የፈተና ክፍል። ለቤተሰብ ቁጥሩ ያው እንደሆነ፣ ቴሌግራም ላይ ግን እንደማትገኙ ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እንዳይደነግጡ። የመጨረሻውን ወረቀት ሰጥታችሁ ስትወጡ ሲሙን መልሱት።